ለሻምበል የተመታው ማኅተም

ሚያዝያ 20 ቀን 2017፣ አዳማ

ሻምበልን ዛሬ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ጋሮምሳ ዘንድ ወሰድኩት። ዳግመኛ አልወስደውም። የኋላ እግሩን ስለሚጎትት ነው የሄድኩት። ሰውየው እግሩን ዳሰስ አድርጎ “እርጅና ነው” አለና ስለ ክትባት ይሰብከኝ ጀመር። ጺሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ ነው። “አኮ” ይለኛል፣ አያቴ ማለቱ ነው። ማን አያቱ አደረገኝ?

አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ውሻ ስንት መርፌ ያስፈልገዋል አልኩት። በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ፣ ውሻው አረጀ ተብሎ አይቀርም። እነ ፓርቮ ለሚሏቸው የውሻ በሽታዎች ደግሞ በቡችላነቱ በደንብ ከወሰደ በየሦስት ዓመቱ ይበቃዋል፤ ለሽማግሌ ግን መጀመሪያ ጤናው ታይቶ ነው። ከአይጥ ሽንት የሚመጣው በሽታ አለ፣ እሱ ግቢ ውስጥ አይጥ ካለ በየዓመቱ። አዳማ ውስጥ አይጥ የሌለበት ግቢ የት አለ? ሽማግሌ ውሻ በመርፌ ሊጨርሱ!

የዛሬ ሦስት ዓመት ይኼን ሁሉ በአንድ ቀን ወግተውት የሆነውን ነገርኩት። ቤት ሳንደርስ ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠፋ፣ ባጃጁ ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት አስመለሰ። ወልደአማኑኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪነጋ አቅፎት ተቀመጠ። ጠዋት “መሰሉ፣ ከእንግዲህ ይኼን ውሻ መርፌ እንዳይነካው ቃል ግቢልኝ” አለኝ። ገባሁለት። በስድስት ወሩ ባሌ አረፈ፣ ውሻው ቀረልኝ።

ዶክተሩ ካርዱን ተቀብሎ ከፈተው። የእብድ ውሻ በሽታው መስመር ላይ ሦስት ማኅተም አለ፤ የ2015፣ የ2016፣ የ2017። “እሱን እንኳ አንድም ዓመት አላቋረጡም፣ ጎበዝ ነዎት” አለኝ።

ካርዱን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ምን ልበለው?

ሚያዝያ 22

ከደብተር ምን ይደበቃል። ሻምበል ሦስቱንም ዓመት አልተወጋም።

ምን አለበት? ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ወረቀቱ ከተሟላ ጉዳዩ ተሟላ ማለት ነው፣ እንዲያ ነው የኖርነው። የክትባት ዘመቻው በመጣ ቁጥር ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ብቻዬን እሄዳለሁ። ማኅተም የሚመታው ጠሃ ነው፣ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ። “ውሻውስ?” ይለኛል። “ባጃጅ የሚጭነው አጣሁ” እለዋለሁ። ይመታልኛል። የሰፈሩ ውሻ ግማሹ ካርድ እንኳ የለውም። ሻምበል ደግሞ ከግቢ አይወጣ፣ ከማን ይይዘዋል?

ዛሬ ፋዲላ ነገር ፈለገችኝ። ሰርቪሱን የተከራየችው ናት። ባሏ ራህመቶ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ እሷና የስድስት ዓመት ልጇ ሱሃይላ ናቸው ያሉት። ልብስ እያሰጣች “እማማ መሰለች፣ ቅር አይበልዎትና ውሻው ቀን ቀን ቢታሰር” አለችኝ።

“ግቢው የማን ነው?” አልኳት።

“ግቢው የእርስዎ ነው። ልጅቷ ግን የኔ ናት።”

አፍ አላት! ውሻ በነካት ቁጥር ልብሷን ማጠብ ሰልችቷት ነው እንጂ ሻምበል ልጅ ነክቶ ያውቃል? ልጅቷ ራሷ አይደለችም እንዴ ቀኑን ሙሉ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ የምትውለው?

ሚያዝያ 25

ሙቀት። አቧራ። ውሃ የለም፣ ሦስተኛ ቀኑ።

ሻምበል ፊቱን ከግድግዳው ጋር ሲፈትግ ዋለ። ዝንብ ነው። አጥንት ወረወርኩለት፣ አነሳና ጣለው። ጥጋብ።

ፋዲላ ስልክ ላይ “አሮጊቷ ከሰው ይልቅ ውሻዋን ነው የምትወደው” ስትል ሰማሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር እንጂ ሳዳምጥ አይደለም። አሮጊቷ! ፊት ለፊት እማማ፣ ከጀርባ አሮጊቷ። ቆይ ብቻ።

ሚያዝያ 28፣ ከሰዓት

ነከሳት። ሱሃይላን። ቀኝ እጇን፣ ከአውራ ጣቷ በላይ። ሁለት ቀዳዳ። ጤና ጣቢያ እየሄድን ነው።

ያው ቀን፣ ሲመሻሽ

ከበረንዳው ሆኜ አይቻለሁ፣ እንደሆነው ልጻፈው። ልጅቷ እንደ ልማዷ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። መጀመሪያ የጮኸው ውሻው ነው። ከዚያ ነከሳት፣ ወዲያው ለቀቃትና አልጋ ሥር እንደሚገባ ሌባ ቤቱ ገብቶ ተደበቀ። ፋዲላ እየጮኸች የልጅቷን እጅ በሳሙና ፈተገችው። ውሃ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከበርሜሌ የቀዳሁትም እኔ ነኝ። ይኼንን ማንም አያነሳልኝም።

ካርዱን ይዤ አብሬ ሄድኩ። ያዢ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ነርሷ ቁስሉን ሌላ ሩብ ሰዓት አሳጠበችውና “ውሻው የታወቀ ነው? ተከትቧል?” አለች። ፋዲላ ወደ እኔ ዞረች። ካርዱን ዘረጋሁት። ነርሷ አገላብጣ አየችው። “የዘንድሮውም አለው። እንግዲያው አሥር ቀን ውሻውን በዓይናችሁ ጠብቁት። ምግብ ከተወ፣ ለሃጩ ከበዛ፣ ውሃ ከፈራ፣ ጠባዩ ከተለወጠ፣ በዚያችው ሰዓት ልጅቷን አምጧትና መርፌ እንጀምራለን። ይኼ በሽታ ሰው ላይ አንዴ ምልክቱ ከታየ መዳኛ የለውም፣ አደራ” አለች። ካርዱ ባይኖር ዛሬውኑ ትጀምር ነበር አለች ደግሞ።

ፋዲላ “አልሀምዱሊላህ” ብላ እጄን ጭብጥ አደረገችው። “እማማ፣ እርስዎ ጠንቃቃ ባይሆኑ ምን ይውጠኝ ነበር” አለችኝ።

ያን ጊዜ አፌን መክፈት እችል ነበር። ነርሷ ወረፋውን ጠራች፣ ወጣን።

ብናገር ሻምበልን ያስገድሉታል። ጭንቅላቱን ቆርጠው ለምርመራ አዲስ አበባ እንደሚልኩ ሰምቻለሁ። ለምን? ጤነኛ ውሻ! አሥር ቀን ምን አላት፣ እስከ ግንቦት 8 ነው። ሁሉም ነገር ዝም ብሎ ያልፋል።

ሚያዝያ 29

አንድ ቀን አለፈ። በላ። ግማሹን።

ፋዲላ ገና ሳይነጋ “ሻምበል በላ?” አለችኝ። በየጠዋቱ ልትጠይቀኝ ነው ማለት ነው።

ሚያዝያ 30

ሁለት። ትንሽ በላ፣ በአንድ ጎኑ እያላመጠ።

ልጄ ማርቲ ከዓለም ጤና ከተማ ደወለች፣ የሽንኩርት ጭነት ላይ ሆና እየጮኸች። ነከሰ አልኳት። “ካርድ አለው አይደል? ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?” አለችኝ። ምንም አልኳት። ድምፅሽ ደክሟል አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት።

ግንቦት 1

የልደታ ንፍሮ ደጅ ላይ ተቀቅሎ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። ፋዲላም ልጅቷን ይዛ ወጥታ ዳቦ አካፈለች። እኔ ንፍሮዬን እንደያዝኩ ገባሁ፣ ልየው ብዬ።

አልበላም። ትናንት ማታ ያስቀመጥኩት ፍርፍር እንዳለ ጉንዳን ወሮታል። አገጩ ርጥብ ነው፣ ደረቱ ድረስ።

ከውጪ የፋዲላ ድምፅ መጣ፣ “እማማ፣ ሻምበል በላ?”

“በላ” አልኳት። ፍርፍሩን ላስቲክ ውስጥ ገለበጥኩት፣ ሣህኑን አጥቤ ደፋሁት።

ምን ሆኜ ነው? ጾሞ ይሆናል፣ ሙቀት ነው፣ ሽማግሌ ነው። ነገ ይበላል።

ግንቦት 2

አልበላም። ለሃጩ በዛ።

ጠሃ ዘንድ ሄድኩ። አሁን የመድኃኒት ሱቅ ከፍቷል። መጋረጃውን አስዘግቼ “መጥተህ ውሻውን ዛሬ ወግተህ ትመለስልኛለህ፣ ማንም ሳያይ” አልኩት። ፈገግ ሊል ሲል ፊቴን አይቶ ተወው።

“ማንን ነክሶ ነው?”

“ልጅ።”

“እትዬ መሰለች፣ አሁን መውጋት ምን ያደርጋል? በሽታው ከያዘው ይዞታል። ለልጅቷ ነው መርፌው። ጀምራለች?”

“አልጀመረችም።”

“ለምን?”

ያልገባው መስሎኝ ነበር። ቀስ ብሎ ገባው፣ ተቀመጠም። “ውሻውን ወጋሁ ብዬ ነግሬዎት አላውቅም። ወረቀት ነው ያሉኝ፣ ለመታወቂያ ያህል ነው ያሉኝ” አለ። እኔን ሊከስ! ማኅተሙን በእጁ የመታ እሱ፣ ሦስት ጊዜ። “አንተ ነህ የመታኸው” አልኩት። “እርስዎ ነዎት ያሳዩት” አለኝ።

ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ነበር የተመለስኩት። በር ላይ ስደርስ እየሳቁ ነበር፣ እሷና ልጅቷ። ነገ አልኩ። ለምን ነገ? ውሻው ሲያድር ይሻለው እንደሆነ ብዬ ነው። ውሻውን እወደዋለሁ፣ አዎ። ልጅቷንስ ጠላኋት ወይ? የተመረጠ ማንጎ አስቀምጬ የምጠብቃት እኔ አይደለሁም? መጥፎ ሰው አይደለሁም። መጥፎ ሰው እንዲህ እንቅልፍ አያጣም።

ግንቦት 3

ነገርኳት።

ጠዋት ሱሃይላ፣ እጇ እንደተጠቀለለ፣ ከሩቅ ሆና ጎድጓዳ ሣህኑን በእንጨት ወደ ሻምበል ገፋችለት። ውሃ ነው። ሻምበል ምላሱን ነካ አደረገና እንደተቃጠለ ሰው ወደ ኋላ ዘለለ። ልጅቷ “እማ፣ ሻምበል ውሃ ፈራ” ብላ ተጣራች። እንደዚያ ነው ያለችው፣ ነርሷ ባለችው ቃል።

ፋዲላ ከመውጣቷ በፊት በሯ ላይ ደረስኩ። “ማኅተሙ አለ እንጂ መርፌው የለም” አልኳት። አልገባትም። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

“አንድ ዓመት ነው ያለፈው?”

“ሦስቱንም ዓመት አልተወጋም።”

“ትናንትና በላ አላልሽኝም?”

አንቺ አለችኝ። “አልበላም” አልኳት። “ከትናንት በስቲያም አልበላም።”

በሩ ሥር የነበረ ሣህን አነሳችና ግድግዳው ላይ ከሰከሰችው። ከዚያ ጩኸት ነው። “ልጄን ልትገድይብኝ! አምስት ቀን! እጅሽን ስይዝሽ ዝም አልሽኝ!” ጎረቤት በበሩ ሞላ። አንዲቱ “ምነው እትዬ መሰለች፣ እርስዎ ደግሞ!” አለችኝ፣ ሌላዋ ምራቋን ተፋች። ባጃጅ መጣ። አብሬ ልገባ ስል ፋዲላ በክንዷ ገፋችኝ። “አንቺ አትገቢም።” ሱሃይላ ዞራ ታየኝ ነበር። ምን እንደሆነ አልገባትም።

የመጀመሪያውን መርፌ ዛሬውኑ ተወጋች። ማርቲ ናት ከጎረቤት ሰምታ፣ ደውላ አጣርታ የነገረችኝ፣ ከዚያም “እማዬ፣ አፈርኩብሽ” ብላ ዘጋችው።

ጤና ጣቢያው ጠርቶት ዶክተር ጋሮምሳ በብረት ሳጥን ሻምበልን ወሰደው። አላስገደለውም። እስከ ግንቦት ስምንት በሕይወት ከቆየ ነፃ ነው፣ ከሞተ ጭንቅላቱ ይላካል። ካርዱን ጠየቀኝ፣ አየው፣ መለሰልኝ። “አኮ” አላለኝም። “ወይዘሮ መሰለች፣ እኔም ብጠየቅ ይኼን ካርድ አምኜ ተከትቧል ብዬ እመሰክር ነበር” አለኝ።

ግንቦት 5

ማንም ሰላም አይለኝም። ባለሱቁ ሳሙና ሲሰጠኝ እንኳ አያየኝም።

ራህመቶ ከመንገድ ገባ። በሬ ላይ ቆመ፣ ረዥም ሰው ነው። የሚመታኝ መሰለኝ። “ነገ ሁለተኛውን ትወጋለች” አለኝና ሄደ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 6

ሁለተኛው። ልጅቷ ስትመለስ ክንዷን ይዛ ነበር። ዶክተሩ ደወለ፣ ሻምበል የቀዘቀዘ መረቅ ልሷል። እንዴት እብድ ውሻ መረቅ ይልሳል?

ግንቦት 8

አሥረኛው ቀን። ሻምበል በሕይወት አለ። ጅራቱን ቆላልኝ፣ በፍርግርጉ ውስጥ።

ግንቦት 9

ጥርሱ ነው! ጥርሱ! ዶክተሩ ዛሬ አስተኝቶ አፉን ከፈተው። የግራ መንጋጋው ተሰንጥቆ ሥሩ መግል ቋጥሯል። ለሃጩም እሱ፣ ከውሃው መሸሹም እሱ፣ ግድግዳ መፈተጉም እሱ። ልጅቷ ያን ቀን የያዘችው ያንኑ መንጋጋ ነው። ጥርሱን ነቀለለት።

ሮጬ ወደ ፋዲላ። “ጤነኛ ነው፣ መርፌውን ማቆም ይቻላል” አልኳት።

“ማን አለ? አንቺ?”

“ዶክተሩ። ጤና ጣቢያም ጠይቂ።”

“ትጨርሳለች። ከእንግዲህ መርፌው ሲገባ በዓይኔ ካላየሁ ማንንም አላምንም።” በሩን ዘጋችው።

እስቲ አሁን ይኼ ምን ይባላል? ልጅቷ በከንቱ ተወጋች፣ እኔ በሰፈር ፊት ተዋረድኩ፣ ሻምበል በሳጥን ውስጥ ሰነበተ፣ ሁሉም ለአንድ የበሰበሰ ጥርስ! አምስት ቀን ብቻ ብታገስ ኖሮ ማንም ምንም አይሆንም ነበር።

ይኼን አሁን አነበብኩት። በኔ እጅ የተጻፈ ነው።

ግንቦት 17

ሱሃይላ አራተኛውን ወሰደች። ፋዲላ ሌላ ቤት እየፈለገች ነው፣ ከባለሱቁ ነው የሰማሁት። ትሂዳ። ባዶ ይደር ሰርቪሱ።

ግንቦት 20

ዶክተር ጋሮምሳ “አሁን እንወስን” አለኝ። ቁጭ ብለን ተጨቃጨቅን። ቃል ገብቻለሁ አልኩት፣ ለሞተ ሰው። “ባለቤትዎ ያዩት በአንድ ቀን ሦስት ክትባት የወሰደ ውሻ ነው። የትኛው እንዳስቆጣው አይታወቅም። እኔ አንዱን ብቻ እሰጣለሁ፣ ግማሽ ሰዓት እዚህ ይቆያል፣ ቢያስቆጣው መድኃኒቱ በእጄ ነው” አለኝ። ሌላውስ? እነ ፓርቮን በቡችላነቱ ሙሉ ስለወሰደ፣ አንዴም ስላስቆጣው፣ ለዘንድሮ ይቅር። የአይጥ ሽንቱን ከወር በኋላ፣ ይኼኛውን በደህና ካለፈ፤ እስከዚያ አይጡን ያጥፉ። የእብድ ውሻ በሽታው ግን ድርድር የለውም፣ ዘንድሮም፣ በሚቀጥለው ዓመትም፣ እስኪሞት።

“ፊቱ ቢያብጥስ?” አልኩት።

“ሊያብጥ ይችላል። የልጅቷን እጅ አይተዋል አይደል?”

ስድ ነው። ግን ሐሙስ... አይ፣ ግንቦት 24 ይሁን አልኩት።

ግንቦት 24

ተወጋ። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ይዤ ፊቱን ሳይ ቆየሁ፣ ከግድግዳው ሰዓት ወደ ዓይኑ፣ ከዓይኑ ወደ ሰዓቱ። አሥር ደቂቃ። ሃያ። ከንፈሩ ያበጠ መስሎኝ ጮህኩ፣ ምንም አልነበረም። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ አለቀስኩ። ይኼን ያህል ብቻ ነበር እኮ። ለሦስት ዓመት የፈራሁት ይኼን ያህል ነበር።

ስመለስ የራህመቶ መኪና በር ላይ ቆሞ ፍራሽ ይጫናል። ሱሃይላ እላዩ ላይ ሆና “ሻምበል ተወጋ?” አለችኝ። ተወጋ አልኳት። “አለቀሰ?” አላለቀሰም። “እኔም አላለቀስኩም። አራት ጊዜ” አለችኝ፣ አንድ እንደቀራት ጨምራ ነገረችኝ።

ፋዲላ የክፍሉን ቁልፍ ይዛ መጣች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ውሻው ምግቡን ባይተው ኖሮ ትነግሪኝ ነበር?” አለችኝ።

“እነግርሽ ነበር” አልኳት። ወዲያው ነው ያልኩት።

“እሺ” አለች። ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ሄደች። መኪናው ጥጉን ዞሮ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ተቀምጫለሁ። ሚያዝያ 29 በልቶ ነበር፣ አልነገርኳትም። ሚያዝያ 30 በልቶ ነበር፣ አልነገርኳትም። ግንቦት 1 ምግቡን ተወ፣ እኔ ደግሞ ሣህኑን አጠብኩለት። ግንቦት 2 ሙሉ ቀን ነበረኝ።

አልነግራትም ነበር። ለከርሞው ዘመቻም ካርዱን ይዤ ብቻዬን እሄድ ነበር።